«12 ባይት ነው» ማለት አይበቃም፦ ስለ ባይት ቅደም ተከተል የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ወዳጆቼ አከታትለው ላኩልኝ። ስለ ዳታቤዝ መለያዎች ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ መዝገብ ስለሚጠራበት ስለዚያ ረጅም ቁጥር። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ኢንዴክስ (መዝገብ ቶሎ ለማግኘት ስለሚረዳው ማውጫ) እና ስለ መጠን ከጻፉት አብዛኛው ልክ ነው። አንድ ክፍል ላይ ግን ቆምኩ።

የመለያ ፎርማት ሲሰነድ የባይቶቹን ቅደም ተከተል መጻፍ ትርፍ ሥራ ነው ይላሉ። ምክንያቶቻቸው እነዚህ ናቸው። መለያ የታሸገ ነገር ስለሆነ ማንም ሊከፍተው አይገባም። ዛሬ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ሊትል ኢንዲያን፣ ማለትም ትንሹን ባይት የሚያስቀድሙ፣ ስለሆኑ ጉዳዩ ያለፈበት ነው። የቀረውን ድራይቨሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ኮድ፣ ይጨርሰዋል። ስህተት ቢፈጠርም ወዲያው ይታያል። ዩዩአይዲ የሚባለው የመለያ ዓይነት አዲሱ ስሪት 7 ደግሞ የትም ቦታ በጊዜ ስለሚደረደር ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል። በመጨረሻም፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ጀማሪን ያስፈራል፤ የፈለገ ኮዱን ይይ።

በአክብሮት አልስማማም። በተለይ «ስህተቱ ወዲያው ይታያል» የሚለው በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ የበለጠ ቁጥር ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቆራርጦ በተከታታይ ባይቶች ያስቀምጠዋል። ጥያቄው የትኛው ቁራጭ ይቅደም የሚለው ነው። በአማርኛ ቁጥር ስንጠራ ሚሊዮኑን አስቀድመን፣ ሺውን አስከትለን፣ ነጠላውን መጨረሻ እንላለን። ቢግ ኢንዲያን እንደዚያ ነው፤ ትልቁ ይቀድማል። ሊትል ኢንዲያን ደግሞ ከትንሹ ይጀምራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም በሥራ ላይ ናቸው። ባይቶቹን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግን አይቻልም።

አንድ ቁጥር በቅርበት እንይ፦ 1704067200። ይህ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 እኩለ ሌሊት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ያለው የሰከንድ ብዛት ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F ባሉ 16 ምልክቶች፣ ለአንድ ባይት ሁለት ቁምፊ እየተደረገ ሲጻፍ 65 92 00 80 ይሆናል። አራት ባይት። ከትንሹ ተጀምሮ ሲጻፍ ደግሞ 80 00 92 65። ይህን ሁለተኛውን «ቢግ ኢንዲያን ነው» ብሎ ያነበበ ሰው 2147521125 ያገኛል። ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ከዜሮ በታች የሚሄድ የቁጥር ዓይነት ተጠቅሞ ከሆነ ደግሞ ዲሴምበር 14 ቀን 1901 ላይ ያርፋል። አራቱ ባይቶች አልተነኩም። የተለወጠው አነባበቡ ብቻ ነው።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህን ችግር ከብዙዎች በተሻለ እናውቀዋለን። «2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት ስናይ ወዲያው እንጠይቃለን፤ ዓ.ም. ነው እ.ኤ.አ.? መልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለያያል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ ምልክቱን ሳያስቀምጥ ዓመት አይጽፍም። ለባይትም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥቦች ልምጣ።

«መለያ የታሸገ ነገር ነው፤ ማንም አይክፈተው።» ለመተግበሪያ ጸሐፊ ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ እኔም ለጀማሪዎች እላለሁ። የሚሰነደው ግን ለመተግበሪያ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። ድራይቨር የሚጽፍ አለ። ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ ዳታ የሚያዛውር አለ። የተበላሸ ፋይል ከፍቶ የቀረውን የሚያድን አለ። እነዚህ ሰዎች እሽጉን ሳይከፍቱ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም።

ጸሐፊው ራሳቸው በምሳሌነት ያነሱትን፣ ሞንጎ ዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ ለመዝገቦቹ የሚሰጠውን መለያ፣ ኦብጀክት አይዲን እንውሰድ። 12 ባይት ነው ብለው አልፈውታል። ውስጡ ግን ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው 4 ባይት ጊዜ ነው፣ በሰከንድ። ቀጥሎ 5 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር አለ። ድሮ ይህ ቦታ 3 ባይት የማሽን መለያና 2 ባይት የፕሮሰስ ቁጥር ነበር። መጨረሻ ላይ 3 ባይት ቆጣሪ አለ፤ እሱም ከዘፈቀደ ቁጥር ይነሳል። ሞንጎ ዲቢ ራሱ ጊዜውን አውጥቶ የሚሰጥ ትእዛዝ አለው። ሰዎችም ይጠቀሙበታል፤ «ከባለፈው ሰኞ ወዲህ የገቡትን አምጣ» ለማለት በመለያው ይፈልጋሉ። ታዲያ አምራቹ ራሱ መክፈቻውን አብሮ ሲሰጥ «ታሽጓል» ማለት እንዴት ይሆናል?

ዋናው ነገር ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ማንም ሰው ባይከፍተው እንኳ ዳታቤዙ ራሱ በየሰከንዱ ይከፍተዋል። ሲደረድር ባይት ከባይት ያነጻጽራል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የቅድሙ ቁጥር ላይ አንድ ሰከንድ ብንጨምር 65920081 ይሆናል። 256 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ብንጨምር 65920180። ሦስቱን በዚህ መልክ ደርድሯቸው፤ በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። አሁን ከትንሹ ባይት ጀምራችሁ ጻፏቸው፦ 80009265፣ 81009265፣ 80019265። ከግራ ወደ ቀኝ ስታነጻጽሩ ሦስተኛው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ገብቶ ቁጭ ይላል። ከአራት ደቂቃ በኋላ የመጣው ሰው ሰልፉን ጥሶ ገባ ማለት ነው። ኦብጀክት አይዲ በሰከንድ ደረጃ በጊዜ የሚደረደረው ጊዜው በቢግ ኢንዲያን ስለተጻፈ ብቻ ነው። ጸሐፊው ስለ መደርደር አንድ ሙሉ ክፍል ጽፈዋል። መደርደሩ የቆመበትን መሠረት ግን ትርፍ ዝርዝር አሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሞንጎ ዲቢ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ፎርማት ቢሰን ይባላል። ቢሰን በጠቅላላው ሊትል ኢንዲያን ነው። ኦብጀክት አይዲ ውስጥ ያሉት ጊዜና ቆጣሪ ግን ቢግ ኢንዲያን ናቸው። በዚያው ፎርማት ውስጥ ታይምስታምፕ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ 8 ባይት፣ እሱም ጊዜና ተራ ቁጥር የያዘ። እሱ ሊትል ኢንዲያን ነው። እንግዲህ በአንድ ሰነድ ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት «ጊዜ» አሉ። አንዱ ከግራ ይነበባል፣ ሌላው ከቀኝ። ይህን ማንም በራሱ ገምቶ አይደርስበትም። የሞንጎ ዲቢ ዶክመንቴሽን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ ቢሰን ሊትል ኢንዲያን ቢሆንም የኦብጀክት አይዲ ጊዜና ቆጣሪ ቢግ ኢንዲያን ናቸው። ጸሐፊው ትርፍ የሚሉት እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው።

«ዛሬ ሁሉም ማሽን ሊትል ኢንዲያን ነው።» በየጠረጴዛችን ላይ ያለውን ካየን እውነት ይመስላል። የኢንቴልና የኤ ኤም ዲ ፕሮሰሰሮች ሊትል ኢንዲያን ናቸው። ስልኮቻችን ውስጥ ያለው አርምም በተግባር የሚሠራው በዚያው ነው። የአይ ቢ ኤም ዜድ ትልልቅ ማሽኖች ግን እስካሁን ቢግ ኢንዲያን ናቸው፤ ባንኮችም ይሠሩባቸዋል። የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች ቅደም ተከተልም ቢግ ኢንዲያን ነው። ይህን እንኳ እንተወው። በዲስክ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፕሮሰሰሩ አይደለም። ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። በጃቫ ቋንቋ ባይት የሚጻፍበት መሣሪያ፣ ባይት በፈር፣ በየትኛውም ማሽን ላይ ቢሠራ፣ ካልነገሩት በቀር፣ ቢግ ኢንዲያን ይጽፋል። በዶት ኔት፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መድረክ፣ ያለው ቢት ኮንቨርተር ማሽኑን ይከተላል። ሁለቱን አንድ ላፕቶፕ ላይ አስኪዱ፤ ውጤታቸው ይለያያል። ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ዲስኩ አንድ፣ ቅደም ተከተሉ ሁለት።

ይህ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይወስደናል፤ «ድራይቨሩ ይጨርሰዋል» ወደሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሆነው ነገር ተቃራኒው ነው። ችግሩን የፈጠሩት ድራይቨሮቹ ናቸው።

ዩዩአይዲ የሚባለው መለያ 16 ባይት ነው። ሲጻፍ አምስት ቡድን ሆኖ በሰረዝ ይለያያል፦ 8፣ 4፣ 4፣ 4፣ 12 ቁምፊ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አር ኤፍ ሲ 4122 እና በ2024 የተካው አር ኤፍ ሲ 9562፣ ደረጃውን የሚወስኑት ሰነዶች፣ ሁለቱም ባይቶቹ ቢግ ኢንዲያን ሆነው እንዲቀመጡ ይላሉ። ማለትም በጽሑፍ እንደሚነበበው። ለምሳሌ ይህን እንይ፤ ለማንበብ እንዲቀል ሆን ብዬ ፊደል የሌለበት መርጫለሁ፦

00112233-4455-4671-8899-101112131415

የሞንጎ ዲቢ የድሮ ድራይቨሮች ይህን አንድ መለያ በሦስት መልክ ይጽፉት ነበር። የፓይተኑ እንዳለ አስቀመጠው። የሲ ሻርፑ (የዶት ኔት ቋንቋ) ድራይቨር ባይቶቹን እንዲህ አደረጋቸው፤ በቀጥታ ሲነበቡ፦

33221100-5544-7146-8899-101112131415

የጃቫው ደግሞ እንዲህ፦

71465544-3322-1100-1514-131211109988

ሦስቱም ሲያስቀምጡ «ዓይነት 3» የሚል አንድ ምልክት ነበር የሚለጥፉበት። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለውን ያየ ሰው ማን እንደጻፈው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ማንም ደግሞ በስንፍና አላደረገውም። የሲ ሻርፕ ጉዊድ፣ ማለትም ዩዩአይዲ የሚይዝበት ዓይነት፣ ከዊንዶውስ የወረሰው ቅርጽ አለው፦ አንድ ባለ 4 ባይት ቁጥር፣ ሁለት ባለ 2 ባይት ቁጥሮች፣ ከዚያ 8 ነጠላ ባይቶች። ቁጥሮቹ ይገለበጣሉ። ነጠላ ባይቶች የሚገለበጥ ነገር ስለሌላቸው ባሉበት ይቆያሉ። ለዚህ ነው ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ የቀረው። የጃቫ ዩዩአይዲ ደግሞ ውስጡ ሁለት ባለ 64 ቢት (8 ባይት) ቁጥር ነው። ድራይቨሩ ሁለቱንም በቢሰን ልማድ ከትንሹ ጀምሮ ጻፋቸው። እያንዳንዱ ከራሱ ቋንቋ አንጻር ትክክል ሠርቷል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉም በፊት «ቅደም ተከተሉ ይህ ነው» የሚል የጋራ ጽሑፍ።

መፍትሔው ምን ያህል እንዳስከፈለ ተመልከቱ። ቢሰን ላይ «ዓይነት 4» የሚባል አዲስ ምልክት መጨመር ግድ ሆነ፤ እሱ ሁልጊዜ በደረጃው መሠረት ነው። የድሮው ዳታ ግን እንደተገለባበጠ ቀረ። ስለዚህ ዛሬም ድራይቨሮቹ ላይ «ዩዩአይዲ አቀራረብ» የሚባል ቅንብር አለ፤ ምርጫዎቹም መደበኛ፣ የሲ ሻርፕ ድሮ፣ የጃቫ ድሮ፣ የፓይተን ድሮ ናቸው። አዲሱ የፓይተን ድራይቨር፣ ስሪት 4፣ ካልመረጥክ ዩዩአይዲ አልጽፍም ይላል። በነባሪ መገመትን ትቷል። ጸሐፊው ድራይቨሩ ይጨርሰዋል ይላሉ፤ ድራይቨሩ ግን «አንተ ንገረኝ» እያለ ነው። ለመንገር ደግሞ ሰነዱ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

አራተኛው፦ «ስህተቱ ወዲያው ይታያል።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞችን መዝገብ በሲ ሻርፕ በተጻፈ አገልግሎት ሞንጎ ዲቢ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ክፍያዎቹ ፖስትግሬስ በሚባል ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ነበሩ። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሪፖርት የሚያወጣ አዲስ አገልግሎት በፓይተን ጻፍን። ከሞንጎ ደንበኛውን ያነባል፣ በመለያው ፖስትግሬስ ውስጥ ክፍያውን ይፈልጋል። ካላገኘ «ገና ያልከፈለ አዲስ ደንበኛ» ብሎ አዲስ መስመር ይከፍታል። ሠራ። ምንም ቀይ ነገር አልወጣም። ሎጉ ንጹሕ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

በወሩ መጨረሻ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ መጡ። «ልጆች፣ ደንበኞቻችን እጥፍ ሆነዋል፤ ገንዘቡ ግን ያው ነው» አሉን። ሁለት ቀን ተኩል ፈለግን። ኩዌሪውን ቀየርን፣ ኔትወርኩን ጠረጠርን፣ አንዱ ሌላውን ጠረጠረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ባልደረባዬ የአንድ ደንበኛን ሁለት መለያ በትልቁ ወረቀት ላይ አትሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች። ለረጅም ጊዜ አየነው። ከዚያ ጣቱን መጨረሻው ላይ አኖረ። «እያት፤ ከዚህ ወዲህ ያለው አንድ ነው» አለ። ከሦስተኛው ሰረዝ በኋላ ያለው በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። ከሰረዙ በፊት ያለውን እያንዳንዱን ቡድን በእስክሪብቶ ሁለት ሁለት ቁምፊ እየከፈልን ከቀኝ ወደ ግራ አነበብነው። ያው ቁጥር ሆነ።

የአገልግሎቱን ሰነድ እንደገና ከፈትን። ስለ መለያው ያለው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነበር፦ «የደንበኛ መለያ፣ 16 ባይት ዩዩአይዲ።» ውሸት የለበትም። ግን ሁለት ቀን ተኩል፣ በተጨማሪም የተባዙትን መዝገቦች አንድ በአንድ ለማጽዳት አንድ ሳምንት ሙሉ በላ። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው የሚታየው ለማን ነው?

የማይታይበት ምክንያት ቀላል ነው። የተገለበጠ ዩዩአይዲ ያው ዩዩአይዲ ይመስላል። ርዝመቱ 16 ባይት፣ ሰረዙ አራት። ፖስትግሬስ ሳያንገራግር ይቀበለዋል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን በስማቸው ያውቁታል። ፎርሙ ላይ ስማቸው በአባታቸው ስም ቦታ፣ የአባታቸው ስም በእነሱ ቦታ ይገባል። ሁለቱም እውነተኛ ስም ስለሆኑ ማንም ጸሐፊ ስህተት አይልም። ችግሩ የሚታወቀው ሁለት ወረቀት ሲነጻጸር ነው።

«የስሪት ቁጥሩ ያስታውቃል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እስቲ እንይ። ዩዩአይዲ ስሪቱን የሚናገረው በሦስተኛው ቡድን የመጀመሪያ ቁምፊ ነው። ቅድም ያየነው ምሳሌ ሦስተኛ ቡድኑ 4671 ነበር፤ ስለዚህ ስሪት 4 ነው፣ በዘፈቀደ የተሠራ። በሲ ሻርፕ መንገድ ሲገለበጥ ግን 7146 ሆነ። አሁን ስሪት 7 ነኝ ይላል። ስሪት 7 ደግሞ መጀመሪያው ላይ 48 ቢት (6 ባይት) ጊዜ አለው፣ በሚሊሰከንድ። አንድ ቅን ፕሮግራም ከዚህ መለያ ጊዜ ቢያወጣ ቀን ያወጣለታል። ቀኑ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ሲገለበጥ በስሪቱ ቦታ የሚመጣው ቁምፊ የዘፈቀደ ስለሆነ፣ ከ16 አንዱ ያህል ተገልብጦም ስሪት 4 እንደመሰለ ይቀራል። ሌላ ከ16 አንዱ ያህል እንደዚህ 7 ይመስላል። ስለዚህ አንድ ናሙና አይቶ «ደህና ነው» ማለትም አያስተማምንም።

ማይ ኤስ ኪው ኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ከስሪት 8.0 ጀምሮ ጽሑፉን ወደ 16 ባይት የሚቀይር ተግባር አለው። ሁለተኛ ግቤት 1 ከሰጡት የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ቡድን ያቀያይራል፤ ለስሪት 1 መለያዎች ኢንዴክሱ እንዲያምር ነው። መልሶ ሲቀየር ያንኑ 1 መስጠት ግድ ነው። ከረሱት ስህተት አይነግርም። ሌላ መለያ ይሰጣል። በ1 ተጽፎ ይሁን ያለ 1፣ ከሠንጠረዡ ላይ አይነበብም። የጻፈው ሰው መናገር አለበት።

ስሪት 7 ገላገለን ስለሚለው አጭር መልስ ልስጥ። ስሪት 7ን እወደዋለሁ። ፖስትግሬስ 18 ውስጡ ይዞት መጥቷል፤ እዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነጻጸር በጊዜ ይደረደራል። «የትም ቦታ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር የራሱን የመለያ ዓይነት ሲደረድር መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻዎቹን 6 ባይቶች ነው። ስሪት 7 እዚያ ቦታ የያዘው የዘፈቀደ ቁጥር ነው። ጊዜው ያለበት የፊት ክፍል መጨረሻ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያው መለያ፣ በትክክል ተቀምጦ እንኳ፣ እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ በዘፈቀደ ይበተናል። ይህን ሳያውቅ በስሪት 7 ላይ ተማምኖ ትልቅ ሠንጠረዥ የሠራ ሰው ማስገባት ለምን እንደዘገየበት ብዙ ይለፋል። የማነጻጸሪያው ቅደም ተከተልም እንግዲህ ከሚሰነደው ጋር ነው።

የቀረው «ጀማሪን ያስፈራል፤ የፈለገ ኮዱን ይይ» የሚለው ነው። ኮዱን አይተናል። ሦስት ድራይቨር፣ ሦስት ኮድ፣ ሦስት መልስ። ኮድ የሚያደርገውን ያሳያል፤ ቃል የተገባውን አይናገርም። ነገ አንድ ሰው ቢቀይረው ስህተት ይሁን ማሻሻያ የሚለየው ሰነድ ብቻ ነው። ለጀማሪ ማዘናቸውን ግን እረዳለሁ። እኔም ጀማሪ ሆኜ «ኢንዲያን» የሚለውን ቃል ሳይ ገጹን እዘጋ ነበር። የሚያስፈራው ግን ቃሉ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። በተራ አማርኛ ይጻፍ። ምሳሌ ይጨመርበት። የሚፈጀው ይህን ያህል ነው፤ ለኦብጀክት አይዲ፦

«ባይት 0 እስከ 3፦ ጊዜ፣ በሰከንድ፣ ከዜሮ በታች የማይሄድ ቁጥር፣ ትልቁ ባይት ይቀድማል። ምሳሌ፦ 65 92 00 80 ማለት 1704067200 ነው።

ባይት 4 እስከ 8፦ የዘፈቀደ። ቁጥር ስላልሆነ ቅደም ተከተል የለውም፤ እንዳለ ይቀመጥ።

ባይት 9 እስከ 11፦ ቆጣሪ፣ ትልቁ ባይት ይቀድማል። ምሳሌ፦ 00 00 01 ማለት 1 ነው።»

ሦስት መስመር። የመሃሉን መስመር ልብ በሉት። ቅደም ተከተል የማያስፈልገው ቦታ ላይም «አያስፈልግም» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ከግምት ያወጣዋል። የድሮው ቅርጽ ላይ ያ የ2 ባይት የፕሮሰስ ቁጥር ከየትኛው ይጀምራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር፤ የዘፈቀደ ሲሆን ጥያቄው ራሱ ቀረ። «ከዜሮ በታች የማይሄድ» የሚለውም ትርፍ አይደለም። እሱ ካልተጻፈ ያው መለያ ከ2038 በኋላ ወደ 1901 ይመለሳል፤ ከተጻፈ እስከ 2106 ያደርሳል።

ዩዩአይዲ ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ አንድ መስመር ትበቃለች፦ «16 ባይት፣ በጽሑፍ በሚነበብበት ቅደም ተከተል።» ወይም፣ እውነቱ ያ ካልሆነ፣ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የተገለበጡ ናቸው፤ የሲ ሻርፕ ልማድ።» ማፈር አያስፈልግም። ዶት ኔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ስሪት 8 ላይ ጉዊድን በቢግ ኢንዲያን ለመጻፍና ለማንበብ የሚያስችል ምርጫ ጨምሯል፤ የድሮውንም እንደ ነባሪ ትቶታል። የድሮ ዳታ ያለበት ሰው የድሮውን ይዞ መኖር ይችላል። ብቻ ይጻፈው።

እኛ ያኔ ጽዳቱ ሲያልቅ የሰነዱን ያቺን መስመር ቀየርናት። ከጎኗ የምሳሌ መለያ አኖርን፤ አንዴ በጽሑፍ፣ አንዴ ዲስኩ ላይ እንዳለ ባይቶቹ። በዚያው ሳምንት ከሌላ ክፍል የመጣ ልጅ በጃቫ ያንኑ ዳታ ማንበብ ጀመረ። ምሳሌውን ወስዶ የመጀመሪያ ሙከራው አደረገው። አልገጠመለትም። ቅንብሩን ወደ «የሲ ሻርፕ ድሮ» ቀየረና ገጠመ። ከመጠየቁ በፊት ጨርሶት ነበር።